የሌላ ሰው ሐጃ

ኑርሁሴን የጫቱን እስር አባ ኑርዬ ፊት አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ። ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ድቤው ጋብ ብሏል፤ አሁን ተራው የሐጃ ነው።

ሐይቅ ከተማ ዳር ባለው በዚህ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ሰው ለወዳጃ፣ ለጋራ ዱአ፣ ይቀመጣል። ደንቡ ቀላል ነው። ችግር ወይም ምኞት ያለው ሰው ተነስቶ ሐጃውን በጉባኤው ፊት ይናገራል፤ የወዳጃው መሪ አባ ኑርዬ ዱአ ያደርጉለታል፤ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል። በሬ የጠፋበት፣ ልጅ የታመመበት፣ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደበት ሁሉ ይመጣል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ በየስብሰባው "ኋላ ቀር ልማድ" እያለ ሲያወግዘው ከርሞ፣ ሚስቱ ምጥ ሲጠናባት በጓሮ በር ገብቶ ቁጭ ብሎ ታይቷል። ማንም አልሳቀበትም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት።

"ሐጃው ለሂንድ ነው፤ ለአሚናት ልጅ" አለ ኑርሁሴን። "ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። መስከረም ስትመለስ የምትማረውን ትመርጣለች። ሐኪም እንድትሆን ዱአ አድርጉላት።"

አባ ኑርዬ ልጅቷ መኖሯን ጠየቁ። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹ አለች አሉ።

"የልቧ ሐጃ ይኸ ነው?"

"ይኸው ነው" አለ ኑርሁሴን።

ጥያቄው ለሂንድ ነበር፤ መልሱን የሰጠው እሱ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ልዩነቱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ እሱም ጭምር። አባ ኑርዬ እጃቸውን ዘረጉ። እጇን የመድኃኒት እጅ ያድርገው አሉ፤ ቤቱ አሚን አለ። የነካችው ይዳን፣ የአምባሰልን በሽተኛ ከቃሬዛ ታሳርፈው አሉ፤ ቤቱ አሚን አለ። የአሚናት እልልታ መጋረጃውን አልፎ መጣ። ኑርሁሴን ከአባ ኑርዬ በስተቀኝ ካለው ቦታው ሲቀመጥ ጎረቤቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገለት። በዚያ ቀን ከእሱ የበለጠ የተደሰተ ሰው ቢኖር አሚናት ብቻ ናት።

ኑርሁሴን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሳኒታሪያን ነበር። ሳኒታሪያን ማለት ገጠር ለገጠር እየዞረ ሽንት ቤት የሚያስቆፍር፣ ምንጭ የሚያጎለብት፣ የሥጋ ቤት መንጠቆ የሚመረምር የጤና ሠራተኛ ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ክብሩ ግን እንደ ሥራው አይደለም። በቅሎው ላይ ሆኖ መንደር ብቅ ሲል ልጆቹ "ሽንት ቤት መጣ!" እያሉ ይቀበሉት ነበር፤ ትልልቆቹ ደግሞ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲተኛ ግን ነገሩ ይቆረቁረዋል። ምክንያቱም ሐኪም የመጣ ቀን ያው መንደር ወንበር ያወጣል፣ ዶሮ ያርዳል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት መዋል አልሆነለትም። ክረምት ክረምት ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ ለእረፍት የሚመጡትን የሐይቅና የአምባሰል ልጆች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው ንባብ ቤት እየሰበሰበ ይመክር ጀመር። የትኛው ትምህርት ክፍል ምን እንደሚያስተምር፣ ተመርቀው የት እንደሚመደቡ፣ ውጤት የወረደበት ተማሪ ሳይባረር የማንን ቢሮ እንደሚያንኳኳ ይነግራቸዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው ነገሩ። ማንም አልቀጠረውም፣ ማንም አይከፍለውም። ቀበሌው ግን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት "የወጣቶች የሙያ ምክር አገልግሎት" እያለ በራሱ ስም ያስገባው ነበር።

የእሱ ክፍያ ሌላ ነበር። እሱ የመከራቸው ሦስት ልጆች ሐኪም ሆነዋል። አንደኛው፣ ሙሉጌታ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ባለፈ ቁጥር መኪናውን አስቁሞ ትከሻውን ስሞት ይሄዳል፤ ያን ቀን ኑርሁሴን ከመንገድ ዳር ቶሎ ወደ ቤቱ አይገባም። ሰው "የሐኪሞች አባት" ይለው ጀመር። በወዳጃው ላይ ቦታው ከበሩ አጠገብ ተነስቶ እስከ አባ ኑርዬ ቀኝ የደረሰው በዚሁ ነው። የድሮው ስሙ ተረሳ፤ የሐኪሞች አባት ሽንት ቤት ተብሎ አይጠራም።

ዱአው አልቆ ሰው ሲበተን ሂንድ ከበሩ ውጭ ጠበቀችው። ትንሽ ልትሸኘው እንደምትፈልግ ነገረችው። ለምስጋና መስሎት ደስ አለው።

ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ያዙ። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ውሃው እስከ ደንገሉ ድረስ ሞልቷል፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ከዛፍ ዛፍ ወጥረው ያሰጣሉ። ኑርሁሴን መንገዱን ሙሉ አወራ። የሕክምና ትምህርት ረጅም መሆኑን፣ ሬሳ ላይ ሲማሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም እንደሚያጥወለውለው፣ ከዚያ እንደሚለመድ ነገራት። ሂንድ እየሰማች አብራው ወረደች። ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ቆመች።

"ጋሼ፣ እኔ ሐኪም መሆን አልፈልግም።"

ኑርሁሴን ሳቀ። "ሁሉም መጀመሪያ ይፈራል። አብሽሪ።"

"አልፈራሁም። አልፈልግም ነው ያልሁዎት። የምፈልገው ጂኦሎጂ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን ነግሬዎት ነበር።"

እውነቷን ነው፤ ነግራው ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ንባብ ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት። እሱም "ድንጋይ ለመልቀም አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደሽ? አምባሰል ሞልቶልሽ የለ" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶት ነበር። እሷም ስትስቅ አይቷታል። ስለሳቀች የተስማማች መሰለው። ከዚያ ወዲያ ሦስትና አራት ቅዳሜ ስለ ሕክምና ሲነግራት አንድም ቀን አልተቃወመችውም፤ አንድም ቀን ግን እሺ አላለችውም። ይህን አሁን ነው ያስተዋለው።

"ታዲያ ዱአ ቤት ለምን ዝም አልሽ?"

"በየትኛው አፌ? አባ ኑርዬ ሲጠይቁ የመለሱት አንቱ። ከዚያ ሰው ሁሉ አሚን አለ። እማ እልል አለች። እኔም አሚን አልሁ፤ ምን ላርግ?"

ኑርሁሴን መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሂንድ አልተቀመጠችም። ዓይኗን ከሐይቁ ላይ ሳታነሳ ከውጫሌ በላይ እነሱ መንደር ያጎለበተውን ምንጭ ያስታውሰው እንደሆነ ጠየቀችው። ብዙ ምንጭ ስላጎለበተ ትንሽ አሰበ፤ ሁለት ቧንቧ ያለው እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ቧንቧ ያለው ነው። መንደሩ እስከ ዛሬ የኑርሁሴን ውሃ ይለዋል። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም፤ ከሽንት ቤት ሌላ ስም ያለው መሆኑን የሚያውቅ መንደር አምባሰል ውስጥ እንዳለ በዚህ ዕድሜው ገና መስማቱ ነው።

ሂንድ የዚያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ሲሚንቶው ሲለሰን፣ ቧንቧው ሲገባ አጠገቡ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ውሃው ከቧንቧው በፊት የት ነበር ብላ ጠይቃው ነበር። እሱም ተራራው ሆድ ውስጥ አላት። ተራራ ሆድ እንዳለው ሰምታ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። ታዲያ በሰባ ሰባቱ ድርቅ መጀመሪያ አንደኛው ቧንቧ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ደረቀ። ሰውም ከብቱም ወንዙ ጉድጓድ ውስጥ ከቀረው ውሃ መጠጣት ጀመሩ። አባቷ በተቅማጥ ታመመ፤ በቃሬዛ ወደ ውጫሌ ሲያወርዱት መንገድ ላይ ሞተ። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ፣ እናትና ልጅ ወደ ሐይቅ ከመሰደዳቸው በፊት፣ የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ጉድጓድ ሊቆፍሩ መጡ። ሁለት ቦታ ቆፍረው ደረቅ ሆነባቸው። ከዚያ ትንሽ መዶሻ የያዘ ሰው መጣና ድንጋይ እየሰበረ፣ እየላሰ ጭምር፣ ገደሉን ሲዞር ሰነበተ። ሰው እብድ ነው አለው። ሰውየው ማንም የማይጠረጥረው ቦታ አሳያቸው፤ ሲቆፈር ውሃው ፈነዳ።

"የወጣው የት መሰለዎት?" አለች ሂንድ። "አባቴ በቃሬዛ ያለፈበት መንገድ ላይ። ከእግራችን ሥር ነበር ጋሼ። እማ ሐኪም ቢኖር ይድን ነበር ትላለች። እኔ ደሞ ውሃ ቢኖር አይታመምም ነበር እላለሁ።"

ኑርሁሴን ዕድሜውን ሙሉ በየመንደሩ በበቅሎ እየዞረ የሰበከው ይህንኑ ነበር። ከመታከም በፊት መጠንቀቅ፣ ከመድኃኒት በፊት ንጹሕ ውሃ እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲናገር፣ ሰው አፉን በጋቢ ሸፍኖ ሲስቅበት የኖረውን ነገር፣ አንዲት ልጅ ከልቧ ሰምታው ኖራለች። እሷን ደግሞ በተራው እሱ ሳቀባት። 

ምን እንዲያደርግላት እንደምትፈልግ ጠየቃት።

"ማክሰኞ ነው የምሄደው። እማ ዱአ የተደረገበትን ነገር የምትረግጥ ሰው አይደለችም። እኔ ብነግራት ዱአ ረገጥሽ ብላ ሳትመርቀኝ ትቀራለች። ሳትመርቀኝ ደሞ አልሄድም። ሐጃውን ያወጡት አንቱ ነዎት። አንቱ ካልመለሱት ሕክምናውን እመርጣለሁ፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?"

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ ትንሽ ልጅ ናት፣ ሲያልፍላት ታመሰግነኛለች ብሎ ራሱን ያጽናና ነበር። እጁን ጨብጣ፣ እንደ ወጉ ተሰናብታው ሽቅብ ሄደች።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ሐቢባ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። የሂንድን ወሬ ሰው ቀድሞ አድርሶላታል፤ ዶክተር ሂንድ እያለ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። ኑርሁሴን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ነገሩን ሁሉ ነገራት። መጀመሪያ በምሬት ነበር የጀመረው፤ የዘንድሮ ልጅ ውለታ አያውቅም አለ፣ የድሮውን ዘመን ልጅ አነሳ። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ እየለሰለሰ ሄደ። ሐቢባ ምስሯን ሳታቋርጥ ሰማችው።

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"እንጃ። ስትገባበት ትወደው ይሆናል። ሙሉጌታም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ያንገራግር ነበር። ሦስቱም ዛሬ..."

"አራት ናቸው።"

"ምኖቹ?"

"ሕክምና ግቡ ያልሃቸው። ባንቺአየሁን ለምንድነው የማትቆጥራት?"

 ባንቺአየሁ ከግሸን ሥር የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች፤ ሊቅ የሆነች ተማሪ። ታሪክ አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው። ኑርሁሴን ታሪክ ማስተማር ለሰነፍ ነው፣ አንቺ በዚህ ውጤትሽ ምን ቆርጦሽ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ነዘነዛት። ሕክምና ገባች። ሦስተኛ ዓመት ላይ እንቅልፍ እምቢ አላት፣ መጽሐፍ ስትገልጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ትምህርቱን ጥላ ተመለሰች። ለሌላ ትምህርት ክፍል ዳግመኛ የተቀበላት የለም። አሁን ደሴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፕ ትመታለች። ስለ ልጆቹ ለሰው ሲያወራ እሷን ዘሎ ሙሉጌታ ላይ ነው የሚያርፈው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እሺ ብሎ መከራ ለደረሰበት ሰው ግን ተረት ያበጀ የለም።

"አልበረታችም" አለ ቀስ ብሎ። "የኔ ጥፋት አይደለም።"

"የጥፋተኛውን ነገር አላህ ያውቃል" አለች ሐቢባ። "እኔ የማውቀው ባለፈው ዓመት ደሴ ሻሽ ልንገዛ ስንሄድ ያየሁትን ነው። ልጅቷ በዚያ ጥግ ጃንጥላ ይዛ ስትመጣ ዓይንህ አየቻት። እጄን ጎትተህ ማዶ አሻገርኸኝ። ሻሹን የገዛነው ከማትፈልገው ሱቅ ነው። እኔ እዚያው ነበርሁ፤ እንዳላየሁ መስሎህ ነው?"

እንዳላየች ነበር የመሰለው። ምሳውንም እራቱንም በላ፣ ሬዲዮ ሰማ። የሚቆጨው ባንቺአየሁ ትምህርቱን መተዋ ብቻ አልነበረም። የመረጠላት ለእሷ ብሎ ሳይሆን መንደሩ ወንበር እንዲያወጣለት ብሎ መሆኑን ከዚያን ቀን በፊትም ውስጡ ያውቀው ነበር፤ እያወቀ ነበር ለሂንድ ሊደግመው የተነሳው። ለልጆቹ የሰጠውን ጊዜ ማንም ሊክድበት አይችልም። ግን ከእነሱ የወሰደው ከሰጣቸው ይበልጥ እንደሆነ ተሰማው፤ ይህም አሳዘነው።

ቅዳሜ ንባብ ቤት ሂንድ አልመጣችም። ሌሎቹ ልጆች መጥተው እንደ ልማዳቸው ከበቡት። አንዱ ወደ ሂሳብ፣ አንዷ ወደ እርሻ ኮሌጅ ልሂድ ወይ ብለው ጠየቁት። ሁልጊዜ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፉ ይወጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ተንተባተበ፤ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀደም ብሎ በተናቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ገበያ ወረደ።

አሚናት ጨውና በርበሬ ከምትቸረችርበት ዳስ ሥር ተቀምጣለች። ገና ሲመጣ አይታው ተነሳች፤ የተቀመጠችበትን ጆንያ አራግፋ አነጠፈችለት። ከአጠገቧ ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ ለእሱ ተነሱ። እንዴት እንደሚጀምር በልቡ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ እሷ ግን ቀደመችው።

"ባሌ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ደህና አድርጎ ወስዶኝ አያውቅም ነበር ጋሽ ኑርሁሴን" አለች። "ቃሬዛውን ከኋላ የያዝሁት እኔ ነኝ። አፉን ሲከፍት፣ ሲዘጋ አያለሁ፤ የማደርገው የለኝም። አሁን ከዱአው ወዲህ ተኛሁ። ወላሂ እንደ ልጅ ተኛሁ። አላህ ይስጥዎት።"

ኑርሁሴን አሚን አለ። ሌላ ምን ይላል? አፉ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጠው፤ ሩብ ኪሎ በርበሬ አስመዘነ። ልትቀበለው አልፈለገችም፤ አስገድዶ ከፈላት። ሲመለስ በርበሬው እጁ ላይ ከበደው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ ሰምቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወለምታው የእሱ ሆኖ ሕመሙ የሌላ ሰው መሆኑ ነው የባሰበት። ቢናገር የእናቲቱን እንቅልፍ ይወስዳል። ዝም ቢል የልጅቷን ዕድሜ።

እሑድ ጠዋት አባ ኑርዬ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ከግቢያቸው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሳይጠየቅ ተናዘዘ፤ ሐጃው የልጅቷ ሳይሆን የራሱ እንደነበር፣ እሷ ሌላ እንደነገረችው፣ ስቆባት እንደነበር። አባ ኑርዬ እሳቸውም ልጅቷን ራሷን አለመጠየቃቸው እንደቆጫቸው ተናገሩ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለ ሰው ድምፅ እንዳለው እየዘነጉ እንደሆነ፣ ዕድሜ እንደሆነ ለራሳቸው አጉረመረሙ።

"ዱአውን መመለስ ይቻላል አባ?" አላቸው።

"ዱአ አይመለስም" አሉ። "ውሸት ግን ይመለሳል። ለተዋሸበት ሰው ነው የሚመለሰው። በል ነገ ከአሱር ሶላት በኋላ ና፤ ዱላዬን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ።"

ሰኞ ከአሱር በኋላ ሁለቱ አሚናት ቤት ደረሱ። ጫማቸውን ከበሩ አወለቁና ገቡ። አሚናት ለልጇ ስንቅ እያዘጋጀች ነበር፤ ዳቦ ቆሎውን በከረጢት፣ በሶውን በቆርቆሮ። ሂንድ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ታጥፋለች። አባ ኑርዬን ስታይ አሚናት ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ሊመርቅ ነው የሚመጣው፣ ወይም ሊያረዳ። መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፈችላቸው።

ኑርሁሴን አልተቀመጠም።

"አሚናት፣ እኔ ዱአ ቤት ዋሽቻለሁ" አለ። "ሐኪም ትሁን ያልሁት እኔ ነኝ። ሂንድ አላለችም። ሌላ ነገር ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። አሁንም ዝም ብል ላንቺ ብላ የማትፈልገውን ልትገባበት ነው። ሐጃው የኔ ነበር። አፉ በይኝ።"

አሚናት የያዘችውን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ ልጇ ዞረች።

"እውነቱን ነው?"

ሂንድ ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ አልጠረገችውም።

አሚናት ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ያዘች። አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር ከእጇ የወደቀባትና የት እንደገባ የማታውቅ ሰው መስላ መሬቱን አየች። አባ ኑርዬ ሊያጽናኗት ጀምረው ተዉት። ደጅ ሰው ሲያልፍ ተሰማ፤ ዶክተሯ መቼ ነው የምትሄደው ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት እንዳይሆን ኑርሁሴን ፈራ። ሰውየው አለፈ።

"ልጄን ሐኪም አርጋችሁ ሰጣችሁኝ" አለች አሚናት በመጨረሻ። "አሁን ደሞ መጣችሁና ትወስዱብኛላችሁ። አገሩ በሙሉ ዶክተር ብሏታል። እኔ ነገ ገበያ ወጥቼ ምን እላለሁ?"

"ኑርሁሴን ዋሸ በያቸው" አለ።

"ይሉዎታል፤ እኔ ባልልም። አፉ ግን አሁን አልልዎትም። ካፌ ይወጣል፤ ከልቤ አይወጣም። ለአባ ኑርዬ ብዬ ልዋሽ?"

አባ ኑርዬ አትዋሺ አሏት።

ኑርሁሴን እንዲህ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ይቅርታ ያገኛል ብሎ ነበር የመጣው፤ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ። ልክ ነች፤ ግን ጎዳው። ሊወጣ ሲዘጋጅ አሚናት ቀና አለች። ድምፅዋ ደክሟል።

"እሺ። አዋቂው አንቱ ነዎት። ዘመኑንም ትምህርቱንም እኔ ምን አውቃለሁ? የሆነው ሆኗል። አሁን ይንገሩኝ፤ ምን ትምረጥ?"

ሁሉም ወደ እሱ አዩ። አባ ኑርዬም፣ ሂንድም ሳትቀር። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። አራት ሌሊት አሰላስሎታል። ጂኦሎጂ ምን እንደሆነ፣ ተመርቃ ውሃ የሚቆፍሩ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ እንደምትመደብ፣ ባሏን የገደለው የሐኪም እጦት ሳይሆን የውሃ እጦት መሆኑን ለአሚናት ሊያስረዳት ከእሱ የተሻለ ሰው በሐይቅም በአምባሰልም የለም። አንድ አፍታ ቢናገር ታምነዋለች። ትምረጥ ትላለች፣ ትመርቃታለች። ዓመት ሳይሞላም አገሩ ኑርሁሴን ያሳያት መንገድ ነው ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየው፤ ጣፈጠውም። መጣፈጡን ሲያውቅ ደግሞ ደነገጠ።

"እሷ እኮ ተቀምጣለች" አለ። "እሷን ጠይቂያት።"

ለአባ ኑርዬ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተና ወጣ። አሚናት ከኋላው ቆዩ እንጂ፣ መልሱን ሰምተው ይሂዱ አለችው። መስማት ፈልጎ ነበር፤ ከምንም በላይ መስማት ፈልጎ ነበር። ከደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ። ውስጥ ሂንድ "እማ" ስትል ተሰማው። የጫማውን ክር ሳያስር መንገዱን ጀመረ።